ጥፋቱ የባለጉሊቷ ብቻ ነውን?



ሰሞኑን በየቆሻሻ ማጠራቀሚያው የተጣለውን አቮካዶ ያየ ሰው ሳያዝን አያልፍም። ግማሹ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ግማሹ ጠቁሮ የፈሰሰ ነው። ታዲያ ሁላችንም «ባለጉሊቷ የተበላሸ ሸጠችብን!» እንላለን። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይደረጋል። እኛ ግን አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው በራሳችን እጅ ነው ባዮች ነን።

አቮካዶ ዛፉ ላይ እንዳለ አይለሰልስም፤ ከተቀጠፈ በኋላ ነው የሚበስለው። ከሲዳማ፣ ከወላይታ ወይም ከጅማ ተጭኖ ሲመጣ ጠንካራ መሆኑ ጉድለት አይደለም። ጥሬውን ያንኑ ዕለት ፍሪጅ ውስጥ ብንከተው ግን ብርዱ መብሰሉን ያስተጓጉለዋል፤ ውስጡም ሊጠቁር ይችላል። ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። የቸኮለ ሰው ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ይጠቅልለው፤ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ መብሰሉን ያፋጥናል። ከለሰለሰ በኋላ ፍሪጅ ይግባ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ግን በፍሪጅ አንተማመን!

ቀለሙን ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል። ሲበስል የሚጠቁር ዝርያ አለ፤ በስሎም አረንጓዴ የሚሆን አለ። በመዳፍ ይዞ ቀስ ብሎ መሞከር ይበቃል። በአውራ ጣት መጫን ግን ይቅር! ዛሬ አሥር ሰው የተጫነው ፍሬ ነገ ውስጡ ይጠቁራል፤ ኪሳራው የባለጉሊቷና የሚቀጥለው ገዢ ነው።

እስቲ ደግሞ መበላሸቱን እንለይ። የተቆረጠው ላዩ ቡናማ ቢሆን አየር ስለነካው ነው፤ ገፈፍ አድርጎ መብላት ይቻላል። ሎሚ ጠብ ቢደረግበት መጥቆሩ ይዘገያል። ውስጡ ሁሉ ከጠቆረ፣ ከተሙለጨለጨ፣ የኮመጠጠ ወይም የከረመ ዘይት ሽታ ካመጣ፣ ከሻገተም ይጣል። «ሻጋታውን ቆርጬ አወጣለሁ» ማለት አያዋጣም፤ የሻጋታው ሥር በለስላሳ ፍሬ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። «ጁስ ውስጥ አይታወቅም» ብሎ ለልጆች መስጠትማ ቁጠባ ሳይሆን በሽታ መግዛት ነው። እንዲቆይ ተብሎ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉም ይቅር፤ ልጣጩ ላይ ያለው ጀርም እዚያ ይራባል። ይልቅ ከመቁረጣችን በፊት ልጣጩን እንጠብ።

በመጨረሻም፣ ረከሰ ተብሎ ለአንድ ቤት አንድ ጆንያ መግዛት ምን ዋጋ አለው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን እንግዛ፤ የበሰለውን ለዛሬ፣ ጥሬውን ለሳምንቱ ለይተን እንከፋፈል። ያን ጊዜ ገንዘባችን ገንዳ ውስጥ አይቀርም፤ ባለጉሊቷም ያለ ጥፋቷ አትወቀስም።