ሰንጢ ለሥራ ነው፣ ለወንድነት ማሳያ አይደለም



ባለፈው ስብሰባ በአጀንዳ ያልተያዘ ነገር ተነሥቶ ሰዓቱን ሁሉ እንደበላው ታስታውሳላችሁ። ነገሩ የሰንጢ ነገር ነው። ከፊሉ አባል «ሰንጢ የያዘ ሁሉ ከኪሱ ይወሰድበት፣ ይቀጣም» አለ። ከፊሉ ደግሞ፣ ያውም ወጣቱ፣ «ሰንጢ የሌለው ወንድ አለ ወይ? መያዝስ ትልቁን ነው» ብሎ ሳቀ። ያን ዕለት መልስ ሳንሰጥ ተበተንን። ዛሬ ግን ሁለቱም ወገን ተሳስቷል እንላለን፤ ምክንያታችንንም በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን።

አስቀድመን «ይወሰድ» ለሚሉት። እንዴት ተብሎ ይወሰዳል? የጆንያ አፍ የሚፈታው ጫኝና አውራጅ፣ የቃጫ ገመድ የሚቆርጠው ነጋዴ፣ ጫማ ሰፊው፣ ሽቦ የሚልጠው ልጅ፣ በለስ እየላጠች የምትሸጠው እናት፣ እነዚህ ሁሉ እንጀራቸው በስለት ነው። ማኅበራችንም ሰው ለመቅበር፣ ለመረዳዳት ተቋቋመ እንጂ የሰው ኪስ ለመፈተሽ ሥልጣን የለውም።

አሁን ደግሞ «ትልቁን ነው መያዝ» ለሚሉት። እስቲ በሐቅ እንነጋገር። ከጧት እስከ ማታ አምደወርቅ ገበያ ላይ ውላችሁ ከአራት ጣት የረዘመ ስለት የሚፈልግ ሥራ ስንት ጊዜ ያጋጥማችኋል? በግ የሚታረደው፣ ድፎ የሚቆረሰው ቤት ነው፤ ለዚያ ካራ አለ። ኪስ ውስጥ ያለው ክንድ የሚያህል ሰንጢ ሥራ ሲያጣ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም አይተነዋል።

በአንድ የሻደይ ሰሞን ሁለት ጓደኛሞች ጠላ ቤት ተቀምጠው በጥቂት ብር ተጣሉ። አንደኛው ቀድሞ ሰንጢውን አውጥቶ እየከፈተ እየዘጋ ያሳይ ነበር። ጠቡ ሲነሣ ሰንጢው በእጁ ነው። የጓደኛውን የእጅ ጅማት ቆረጠው። የተቆረጠው ልጅ ግንበኛ ነበር፤ ዛሬ መዶሻ አይጨብጥም። የቆረጠው ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰንጢው ኪሱ ቢሆን ኖሮ በቡጢ ያልቅ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ወረደ፣ ደግ ነው። ጅማቱን ግን የትኛው ሽማግሌ ይቀጥለዋል?

ሕጉንም እንወቅ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ሰው ከሞተ አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ይላል፤ ነገሩ ከባድ ሆኖ ከተገኘ ቅጣቱ ከዚህም ያልፋል። ደም እንደ ውሃ ሲፈስስ ደግሞ ሰቆጣ ሆስፒታል ድረስ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ከእኛ በላይ ነጋሪ አያስፈልጋችሁም። ድንኳኑን የምንተክለው፣ ድስቱን የምናወጣው እኛ ነን። ለሃያ ዓመት ልጅ ድንኳን መትከል አንፈልግም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰንጢ ይገዛ፤ ግን ተመርጦ ይገዛ። የእኛ ምክር ይህ ነው።

1ኛ. ስለቱ አጭር፣ እጀታው ሙሉ ይሁን። ስለቱ አራት ጣት፣ ማለትም 7 ወይም 8 ሳንቲም ቢሆን ለከተማ ሥራ ይበቃል፤ እጀታው ግን አራቱንም ጣት ሊያስጨብጥ ይገባል። ወታደር እንኳ በትልቅ ሰንጢ አይኮራም፤ የስዊዘርላንድ ጦር ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀበለው ሰንጢ አንድ ስለት፣ መብሻ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና ብሎን መፍቻ ያለው የሥራ ዕቃ ነው።

2ኛ. መቆለፊያ ይኑረው። ሞላ ብቻ የያዘው ሰንጢ ጫን ሲሉት ተመልሶ ጣት ላይ ይታጠፋል። ከእኛ ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አንዳችን ርካሽና ትልቅ ሰንጢ ገዝቶ ጀሪካን ሲቀድ ጣቱ ላይ ታጥፎበት ጠባሳው ዛሬም አለ። ፈረንሳይ አገር ኦፒኔል የሚባል የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ አለ፤ በ1955 እ.ኤ.አ. የምትዞር የብረት ቀለበት ተጨመረችለት፣ ቀለበቷ ስትዞር ስለቱ አይታጠፍም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። ስትገዙ ሰንጢውን ዘርግታችሁ፣ ጣታችሁን ከስለቱ መታጠፊያ አርቃችሁ፣ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ከታጠፈ ለባለ ሱቁ መልሱለት።

3ኛ. ስለቱ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውን አትግዙ። መታጠፊያው በብሎን የተያዘ ከሆነ ሲላላ ይጠብቃል፤ በተቀጠቀጠ ምስማር የተያዘው ከላላ ግን መዶሻ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል።

4ኛ. በብልጭታው አትታለሉ። የማይዝገው ብረት ለበለስና ለሎሚ ጥሩ ነው። የሚዝገው ደግሞ በድንጋይ ቶሎ ይሳላል፤ ነገር ግን ተጠርጎ ዘይት ካልተቀባ ይበላሻል። የትኛውም ቢሆን ሳይሳል አይያዝ። ዶልዱም ስለት ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት የበዛበት ስለት ያመልጣል፣ ሲያመልጥም የሚያገኘው የባለቤቱን ጣት ነው።

ስለ መሳልና ስለ መጠገን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ከመኪና ባሌስትራ ጥሩ ቢላዋ የሚያወጣውን የአገራችንን ቀጥቃጭ ንቀን ሩቅ አገር የተሠራ ወረቀት የሚያህል ብረት በብዙ ብር እንገዛለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አውጥተዋል። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ እኛ ግን ዛሬም ማረሻችንን ያሠራነውን ሰው ዞር ሲል እናማዋለን። ያሳፍራል! ሰንጢያችሁን ለእሱ አስስሉ፣ ዋጋውንም በአክብሮት ክፈሉ።

በመጨረሻ የምንለው ይህ ነው። ሰንጢ ሥራ ቦታ ይዋል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለበዓልና ለጠላ ቤት ግን እቤት ይቀመጥ። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን በተግሣጽ ሳይሆን በምክር ንገሩ። ባለ ሱቆች፣ ለሕፃን አትሽጡ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ ወንድነት በስለት ርዝመት እንደማይለካ ዕወቁ፤ ቢለካ ኖሮ አገሩን የሚገዛው ሥጋ ቆራጩ በሆነ ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ይህን ጽሑፍ የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረን፤ ሰንጢውን ግን እቤቱ አስቀምጦ ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
አምደወርቅ