«ለምን አልጮህሽም?»
የተደፈረች ሴት ይህን ጥያቄ ከፖሊስም፣ ከጎረቤትም፣ አንዳንዴ ከገዛ እናቷም ትሰማዋለች። መልሱ ያለው ሰውነቷ ውስጥ ነው። ብርቱ ፍርሃት የያዘው ሰው ሁልጊዜ አይሸሽም፣ አይታገልም፤ ይደነዝዛል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እጁ አልታዘዝ ይላል። ትዝታውም በኋላ ተቆራርጦ ይመጣል፤ የአጥቂውን የሲጋራ ሽታ የምታስታውስ ሴት ሰዓቱን ልትስት ትችላለች። ይህን ያልተማረ መርማሪ ውሸታም ይላታል። አጥቂው ባሏ ሲሆንማ ይብሳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጪ» ብሎ ያጠረው በመሆኑ ባል በዚህ አንቀጽ አይከሰስም፤ ይህ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹም «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ብለው ወደዚያው ቤት ይመልሷታል። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ታዲያ ለማን ትንገር? አንባቢዎቼ፣ አንዲት እህታችሁ አንድ ቀን ደፍራ ከነገረቻችሁ፣ አትመርምሯት፤ እመኗት። ፈቃደኛ ከሆነች በዚያው ቀን አብራችኋት ሆስፒታል ሂዱ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ መጀመር ያለበት ከጥቃቱ በኋላ 72 ሰዓት ሳያልፍ ነው።