የሰላም ጓዱ የራሳችን ቢሆንስ?

ጓደኞቼ ሆይ፤ ስለ ውጭ ርዳታ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን እንሆናለን። አንዱ «ርዳታ ባርነት ነው» ይላል፤ ሌላው «ያለ ርዳታ ምን ይውጠናል?» ይላል። ሁለቱም የሚዘነጉት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገንዘቡ የማን ነው፥ አዛዡስ ማን ነው? የሚለው ነው።

ከአዳማ ሳንርቅ ነገሩን እንመርምር። በ1952 ዓ.ም. የተፈጸመው የቆቃ ግድብ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠራ፤ ስለዚህ የዕዳ ክፍያ እንጂ ስጦታ አይደለም። ከከተማችን ዳር የሚሽከረከሩት የነፋስ ማማዎችና ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን የፍጥነት መንገድ በአብዛኛው በቻይና ብድር ተሠሩ፤ ብድር ደግሞ ይከፈላል። ወደ አሰላ ከፍ ብንል፥ በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አምጥቶ ምርት አበዛ። ይሁን እንጂ ትርፉን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኛ አስለቀቁ። ስዊድኖቹ ክፉ አስበው አይደለም፤ የመሬትን ሥሪት ማቃናት የመንግሥታችን ሥራ ነበረ እንጂ የለጋሽ ሥራ አልነበረም።

የፈቃደኞችም ነገር እንዲሁ ነው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ገቡ፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆኑ። ብዙ ተማሪ ከነሱ ተማረ፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ይውጡልን አሉ። ጓዱ በ1969 ዓ.ም. ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ጊዜው ነፋስ ተመልሶ መጥቷል።

ጥር 2017 ዓ.ም. ዋሺንግቶን ላይ የውጭ ርዳታ እንዲቆም በታዘዘ ጊዜ፥ ብዙ ሳይቆይ ጤና ሚኒስቴራችን በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ለክልሎች ጻፈ። አሜሪካኖችን «ለምን ነፈጋችሁን?» ብለን መክሰስ አንችልም፤ ገንዘቡ የነሱ ግብር ነው። የሚያሳፍረው የኛ ነርስ ደመወዝ በሌላ አገር ምርጫ መወሰኑ ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባል የለም?

እንግዲህ ምን ይደረግ? በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ሳይቀበሉ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ጀመሩ፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። የገበሬውን ኑሮ በዓይናቸው ያዩት በዚያ ዓመት ነው። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ግን በወታደር ትእዛዝ የሆነ ስለ ነበረ፥ ብዙ ዘማች ጥሎ ሸሸ። ከሁለቱ የምንማረው ተማሪ ለማገልገል አይሰንፍም፤ የሚሰንፈው ሲነዳ ነው።

ስለዚህ መንግሥት በዓመታዊ በጀቱ ውስጥ ለዚህ ቋሚ መደብ ይክፈት። የተመረቀ ፈቃደኛ በመቂ፥ በባቱ፥ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች አንድ ዓመት ያስተምር። የሚያኖር አበል ይከፈለው። የመምህርን እንጀራ እንዳይሻማ በክፍት ቦታ ብቻ ይመደብ። አፋን ኦሮሞ የማያውቅ አስቀድሞ ይማር፤ አሜሪካዊው አማርኛ ተምሮ ሲመጣ እኛ የጎረቤታችንን ቋንቋ ሳናውቅ ብንሄድ ነውር ነው።

«የክረምት በጎ ፈቃድ አለ» የሚል አይጠፋም። አለ፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ክረምቱ ሲወጣ እሱም ያልቃል፤ የመምህር እጦት ግን የሚሰማው መስከረም ላይ ነው።

«አገሩ ድኻ ነው፤ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ለሚሉም መልሴ አጭር ነው። በጥቂት ወረዳዎች ይጀመር፤ ካልሠራ ይተው። ትንሽም ብትሆን ከራሳችን ግብር የወጣች ብር ስለሆነች ስናጠፋት ሒሳብ የምንጠይቅባት፥ ሌላ አገር ሲቆጣ የማትቋረጥ ናት። የተማሪዎች ማኅበራችን ይህን ሀሳብ በጉባኤው ያቅርብ፤ ከማቅረቡም በፊት ከመካከላችን ስንቱ ለመሄድ ስሙን እንደሚያስመዘግብ ይቁጠር።