የመረጃ ማከማቻ በክፉ ቀኑ ይመዘን

በአዳማ ዙሪያ ባሉት ከፍታዎች ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ለመለኪያ ሳይንስ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እነዚህ አኃዞች ግን ነፋሱ በበቂ ፍጥነት ሲነፍስ የሚገኘውን ከፍተኛ ኃይል እንጂ በየሰዓቱ ወደ መስመር የሚገባውን ኃይል አያመለክቱም። ይህን ልዩነት የማያውቅ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የለም። ወደ ኮምፒውተር ስንመጣ ግን ጥንቃቄያችን ይላላል። በሻጩ መግለጫ ላይ የሰፈረውን ከፍተኛ ፍጥነት የዘወትር ፍጥነት አድርገን እንቀበላለን፤ በዚያም መሠረት ሰርቨር እንገዛለን።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አንድ ነው። የምርምር መረጃ የሚቀመጥበት ማከማቻ መመዘን ያለበት በደህናው ቀን በሚያሳየው ከፍተኛ ፍጥነት ሳይሆን በክፉው ቀን በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ወዳጅ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው እንደሚባለው ሁሉ፣ ማከማቻም እንዲሁ ነው።

የተሰራጨ ማከማቻ ምንድን ነው?

የተሰራጨ የመረጃ ማከማቻ የምንለው መረጃን በአንድ ትልቅና ውድ መሣሪያ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ በመረብ በተያያዙ ብዙ ተራ ኮምፒውተሮች ላይ እየከፋፈለና እያባዛ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነው። ከእነዚህ መካከል በሰፊው የሚታወቀው ሴፍ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሴጅ ዋይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የዶክትሬት ጥናቱ አካል አድርጎ የሠራው ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 ለሳይንሱ ማኅበረሰብ ቀረበ። የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ሰርንም ይጠቀምበታል። የሶፍትዌር ፈቃድ ክፍያ ስለማይጠይቅና በተራ መሣሪያ ስለሚሠራ፣ እንደ እኛ ላሉ ተቋማት ተስማሚ ነው።

የሴፍ ታሪክ ራሱ የመለካትን ጥቅም ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ገደማ እያንዳንዱ ኮምፒውተር መረጃውን የሚያስቀምጠው በተለመደው የፋይል ሥርዓት ላይ ነበር። ለደኅንነት ሲባል አንዱ መረጃ መጀመሪያ በመዝገብ፣ ቀጥሎም በቦታው፣ በድምሩ ሁለት ጊዜ ይጻፍ ነበር። ይህ እጥፍ ሥራ ያስከተለው ጉዳት በልኬት ስለታወቀ፣ ሠሪዎቹ የፋይል ሥርዓቱን ትተው በቀጥታ በዲስኩ ላይ የሚጽፍ አዲስ ክፍል ሠሩ፤ ከ2017 ጀምሮም መደበኛ ምርጫ አደረጉት።

የዲስኩ ፊዚክስ

አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ በሰከንድም 120 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ክንዱ ወደ ቦታው ለመንቀሳቀስ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨምራል። በመሆኑም ዲስኩ በተበታተኑ ቦታዎች ላይ በሰከንድ ከ80 ጊዜ ብዙም በላይ ሊጽፍ አይችልም። በተከታታይ ሲጽፍ ግን በሰከንድ እስከ 200 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። በመግለጫው ላይ የምናነበው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

የትኛው ቁጥር ይመለከተናል? ለአካባቢያችን ቅርብ የሆነውን የመሬት መንቀጥቀጥ መረጃ እንውሰድ። አንድ መመዝገቢያ ጣቢያ የመሬትን እንቅስቃሴ በሦስት አቅጣጫ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ እያንዳንዱንም ልኬት በ4 ባይት ቢመዘግብ፣ በሰከንድ 1,200 ባይት ይወጣዋል። ሠላሳ ጣቢያዎች በአንድነት በሰከንድ 36 ኪሎባይት ይልካሉ። ይህ ከ200 ሜጋባይት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሆኖም መረጃው በዘርፉ እንደተለመደው በ512 ባይት ጥቅሎች ቢመጣና እያንዳንዱ ጥቅል ለብቻው ዲስኩ ላይ ቢጻፍ፣ በሰከንድ 70 ጽሕፈት ይሆናል። በመግለጫው መሠረት ሥራ ፈት የሚመስለው ዲስክ በእውነቱ አቅሙን ሊጨርስ ተቃርቧል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ጥቅሎቹን በኮምፒውተሩ ትውስታ ውስጥ አጠራቅሞ በአንድነት መጻፍ ነው። 4 ሜጋባይት እስኪሞላ ብንጠብቅ ዲስኩ እፎይ ይላል። ነገር ግን በሰከንድ 36 ኪሎባይት 4 ሜጋባይት ለመሙላት ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋ የሁለት ደቂቃ መዝገብ አብሮ ይጠፋል። ከባድ መንቀጥቀጥ መብራት ያቋረጠ እንደሆነ የሚጠፋው ዋናው መዝገብ ይሆናል። ስለዚህ ማከማቻን ማስተካከል ፍጥነትን የመጨመር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ምን ያህል መረጃ ለማጣት እንደምንፈቅድ የመወሰን ጉዳይ ነው። ይህን ውሳኔ ደግሞ ለቴክኒክ ባለሙያው ብቻ መተው አይገባም፤ የመረጃው ባለቤት የሆነው ተመራማሪም ሊሳተፍበት ይገባል።

አማካይ ይሸፍናል

ሁለተኛው አሳሳች ቁጥር አማካይ ነው። አንድ ዲስክ ከ100 ጥያቄዎች አንዱን በጣም አዘግይቶ ይመልሳል እንበል። አማካዩ ደህና ይመስላል። መረጃው በስድስት ዲስኮች ተከፋፍሎ የሚቀመጥ ከሆነና ጽሕፈቱ የሚጠናቀቀው ስድስቱም ሲመልሱ ከሆነ ግን፣ ከ17 ጽሕፈቶች አንዱ ይዘገያል። ዲስኮቹ 100 ሲሆኑ የመዘግየት ዕድሉ 63 በመቶ ይደርሳል። የጉግል ባለሙያዎች ጄፍሪ ዲን እና ሉዊዝ ባሮሶ ይህን ስሌት እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ አብራርተውታል። የሥርዓቱን ፍጥነት የሚወስነው እንደ ሲራራ ነጋዴ ጉዞ የመጨረሻው ግመል ነው። ስለሆነም በፈተና ውጤት ላይ ከአማካዩ ጎን ከመቶ አንዱ፣ ከሺህም አንዱ ጥያቄ ምን ያህል እንደዘገየ መጻፍ አለበት።

ስምጥ ሸለቆ ላይ መሆናችን

ከ2001 እስከ 2003 በተካሄደው ኢግል የተባለ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በዋናው ኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆና በዙሪያው በርካታ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎች ተተክለው የምድሩ ቅርፊት ተመርምሯል። ከመስከረም 2024 ጀምሮ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን መካከል ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ተከሰተ። ከመሬት ሥር የቀለጠ ዐለት በስንጥቅ ሲገባ ሳተላይቶች ያሳዩ ሲሆን፣ በየካቲት 2025 የደረሰው መጠኑ ወደ 6 የሚጠጋ ነበር። ንዝረቱ አዳማም አዲስ አበባም ተሰምቷል።

ይህ ለማከማቻ ምን ትርጉም አለው? ሦስት ቅጂ አለን የምንለው ቅጂዎቹ በተለያየ ምክንያት የሚጠፉ ሲሆን ብቻ ነው። በአንድ ክፍል፣ በአንድ የመብራት መስመር ላይ ያሉ ሦስት ቅጂዎች በመንቀጥቀጥ ፊት አንድ ቅጂ ናቸው። ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ብርሃን በመስታወት ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ይህ ከላይ ካየነው የዲስክ መዘግየት ከአሥር እጅ በላይ ያነሰ ነው። እንግዲህ አንዱን ቅጂ ከሸለቆው ወለል ውጭ ለማስቀመጥ እንቅፋቱ ፊዚክስ አይደለም፤ የመስመሩ አስተማማኝነትና የተቋማት ስምምነት ነው።

ምን እናድርግ?

በአዳማ፣ በአሰላ፣ በሻሸመኔ፣ በቢሾፍቱም ያሉ የትምህርትና የምርምር ተቋማት ማከማቻ ሲገዙ የሚከተሉትን እንዲጠይቁ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ፈተናው በራሳችን መረጃና በራሳችን አጻጻፍ ይካሄድ። ሁለተኛ፣ የፈተናው መረጃ ከኮምፒውተሮቹ ትውስታ በብዙ እጅ ይብለጥ፤ ካልሆነ የምንለካው ዲስኩን ሳይሆን ትውስታውን ነው። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ልኬቱም ይደጋገም። አራተኛ፣ በፈተናው መካከል ሆን ተብሎ አንድ ዲስክ ይነቀል፣ አንድ ሰርቨርም ይጥፋ። የጠፋው መረጃ ከሌሎቹ ተሰብስቦ እስኪተካ ድረስ ጥገናውና ተጠቃሚው በአንድ ዲስክ ይሻማሉ፤ መታወቅ ያለበት የዚያን ሰዓት ፍጥነት ነው። አምስተኛ፣ ውጤቱ ከነአለካኩ ተጽፎ ለሌሎች ተቋማት ይሰጥ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ግዢውን የሚያጣድፍ የበጀት መዝጊያ ቀን እንዳለም አንዘነጋም። የሰርቨር ዋጋ ግን አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፤ ያለፈ መንቀጥቀጥ ግን ተመልሶ አይመዘገብም። ተማሪዎቻችንን በቤተ ሙከራ ውስጥ ያለ ስሕተት መጠን የቀረበ ልኬት ልኬት አይደለም እያልን እናስተምራለን። ይህንኑ ሕግ ዩኒቨርሲቲው በሚገዛው መሣሪያ ላይ እንዲሠራበት መጠየቅ የሳይንስ ፋኩልቲ ድርሻ ነው።