ረከቦት የሌለበት ሳሎን

ተሸንፌያለሁ። ያውም በሌለ ቤት፣ በሌለ ሶፋ፣ በሌለ ምንጣፍ። ባለፈው ክረምት አንድ ቨርቹዋል ዓለም ውስጥ በተዘጋጀ የቤት ውስጥ ዲዛይን ውድድር ገብቼ ከመጀመሪያው ዙር ተሰናብቻለሁ። ጓደኞቼ ሲሰሙ የሳቁትን ሳቅ እዚህ መድገም አልፈልግም። “የሚኖርበት ቤት ሳይኖረው የማይኖርበትን ቤት ያሳምራል” ያለኝ አለ። አባባሉ ስላሳቀኝ አልተቀየምኩትም።

እውነቱን ለመናገር ግን የተወዳደርኩት ቤት ስለሌለኝ ነው። የምኖረው ሦስት በአራት በሆነች የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። አንድ ሕግ ብቻ አላቸው፤ ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ፎቶ እንኳ ሳልሰቅል ኖሬያለሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የፈለግኩትን ያህል ምስማር እመታለሁ፤ ግድግዳውን ካልወደድኩትም አፈርሰዋለሁ። በኪራይ ቤት የኖረ ሰው ይህ ምን ያህል ደስ እንደሚል ይገባዋል። “ጊዜያችሁን በጨዋታ ታጠፋላችሁ” የምትሉን ወገኖች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱን።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ታሪክ ራሱ ቤት ከማጣት ጋር የተያያዘ ነው። ዊል ራይት የተባለው አሜሪካዊ የጨዋታ ንድፍ አውጪ እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ በተነሳው ከባድ ቃጠሎ ቤቱን አጣ። ቤቱን ከባዶ ሲያቋቁም ያሰላሰለው ነገር አድጎ እ.ኤ.አ. በ2000 “ዘ ሲምስ” የተባለው ጨዋታ ሆነ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ሐሳቡ ሲጀመር ጨዋታው ቤት የመሥራት ጨዋታ ነበር። እነዚያ ትንንሽ ሰዎች የገቡት ቤቱን ኖረውበት እንዲመዝኑት ነው። መቀመጫ ስታሳጣቸው ቆመው ይቀራሉ፤ መንገድ ስትዘጋባቸው ይነጫነጫሉ፤ ክፍሉ ሲያስጠላቸው ይከፋቸዋል። ዳኛው ነዋሪው ነበር ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሽንፈቴ ልመለስ። የውድድሩ ደንብ ቀላል ነው። ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ባዶ ክፍል፣ የተወሰነ የጨዋታ ገንዘብና እቃ የሚመረጥበት ካታሎግ ይሰጠዋል። ክፍሉን ጨርሰህ ፎቶ ታነሳና ታስገባለህ። ከዚያ ሌሎች ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን እያዩ ድምፅ ይሰጣሉ። ርዕሱ “እንግዳ የሚቀበል ሳሎን” የሚል ነበር።

እንግዳ የሚቀበል ሳሎን! ይህማ ለእኛ ተብሎ የወጣ ርዕስ ነው አልኩ። ሦስት ሌሊት ሠራሁ። ሶፋዎቹን ግድግዳ አስደግፌ ዙሪያውን ደረደርኩ፤ የገባ ሁሉ ፊት ለፊት እንዲተያይ፣ ማንም ለማንም ጀርባውን እንዳይሰጥ። መሐሉን ባዶ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ቄጠማው የሚጎዘጎዘው፣ ረከቦቱ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ካታሎጉን ከፍቼ ረከቦት ፈለግኩ። የለም። ጀበና የለም። መሶብ የለም። በርጩማ የለም። ያን ሁሉ የወይን ብርጭቆ የደረደረ ካታሎግ አንዲት ሲኒ አጣልኝ። በመጨረሻ የሻማ ማስቀመጫውን ትሪ ረከቦት፣ የእግር ማሳረፊያውን በርጩማ፣ ጥቁር የአበባ ማስቀመጫ ደግሞ ጀበና አደረግኳቸው። ከሩቅ ሲያዩት ይመስላል። ከቅርብ ሲያዩት ያሳዝናል።

ከተሸነፍኩ በኋላ ከአዘጋጆቹ የደረሰኝ አስተያየት ሁለት መስመር ነበር። “የክፍሉ መሐል ባዶ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ነገር ይጎድለዋል።” አያችሁ? ለሰው የተውኩት ቦታ ጉድለት ተብሎ ተቆጠረብኝ። ያሸነፈው ሳሎን ግራጫ ሶፋ፣ ግራጫ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ተክል፣ ጠረጴዛው ላይ ማንም የማያነባቸው ሦስት ነጭ መጻሕፍት ነበሩት። ሁለተኛ የወጣውም እንደዚያው ነው። ሦስተኛውም።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን ያህል፣ የእኔም ሥራ ጥፋት ነበረበት። መጋረጃው ከብዶ ክፍሉን አጨልሞታል፤ ፎቶውን ያነሳሁበት ማዕዘንም ጥሩ አልነበረም። ድምፅ ሰጪዎቹንም አልወቅስም። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ቀርቦለት በሰከንዶች ውስጥ አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው፣ የለመደውን ነገር ቢመርጥ ምን ይደንቃል? ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ውድድር የሚሸልመው የለመድነውን ነው። ካታሎጉ የሌላ ሰው ሲሆን ደግሞ የምንለምደው የሌላ ሰው ቤት ነው። የምንወዳደረው በፈጠራ መስሎን፣ ሌላው የመረጠልንን ማን በተሻለ እንደደረደረ ለመለየት ሆኖ ቁጭ ይላል።

“ወንድሜ፣ ጨዋታ እኮ ነው!” ትሉኝ ይሆናል። ነው። ግን የዓይን ትምህርት በጨዋታ ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን “ዲዛይን ሆም” የተባለውን የስልክ ጨዋታ ተመልከቱ። ተጫዋቹ የተሰጠውን ክፍል በእቃ ይሞላል፣ ሌሎች ተጫዋቾች ድምፅ ይሰጡታል፣ እስከ አምስት ኮከብ ያገኛል። ካታሎጉ ውስጥ በእውነተኛ አምራቾች የሚሸጡ የቤት እቃዎች ይገኙበታል። ማለትም ጨዋታው ሱቅም ነው። ዛሬ በስልኩ ግራጫ ሶፋ እየመረጠ ኮከብ የሚሰበስብ ልጅ፣ ነገ የእውነት ቤት ሲያገኝ ዓይኑ ወዴት ይሄዳል? አዲስ አበባ ውስጥ በየአጥሩ የተለጠፉትን የአፓርታማ ማስታወቂያዎች እዩ። በኮምፒውተር የተሳሉት ሳሎኖች ውስጥ ከሰል የሚቀመጥበት ቦታ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ነዋሪውን ማሰብ ግን ይቻላል። የከተማችን ኮንዶሚኒየሞች ሲታቀዱ ከመኖሪያ ሕንጻዎቹ ጎን ለበግ ማረጃ፣ ለምግብ ማብሰያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት ተጨምሮላቸዋል። አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል። ቢሆንም አንድ ንድፍ አውጪ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብሎ “እነዚህ ሰዎች በዓል ሲመጣ በጉን የት ያርዱታል?” ብሎ ጠይቋል። ለእኔ ዲዛይን ማለት ይህ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ከውድድር እንውጣ? በጭራሽ። እቃውን ይዘን እንግባ ነው የምለው። ቨርቹዋል ዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከካታሎግ ምረጥ ብቻ ይልሃል። ሌላው ሥራ ይልሃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው “ሰከንድ ላይፍ” ከሁለተኛው ወገን ነው። እዚያ ያለውን ቤትና ወንበር በአብዛኛው የሠሩት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሰው የፈጠረው ነገር የባለቤትነት መብት የፈጣሪው መሆኑን አውጇል። የሠራኸውን ወንበር ለሌላው ትሸጣለህ፤ የጨዋታው ገንዘብም ወደ ዶላር ይመነዘራል። እቃ መቅረጫው ፕሮግራም ደግሞ ሩቅ አይደለም። “ብሌንደር” እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው። ሥነ ሕንጻ የምታጠኑ፣ በየኮምፒውተር ቤቱ የሰርግ ካርድ ስትነድፉ የምትውሉ ልጆች ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው አንዴ አሳምሮ የሠራት ጀበና ለሌላው ሁሉ ትተርፋለች።

እኔም ጀመርኩ። ሲኒ ቀላል ናት፤ ጆሮ ስለሌላት በአንድ ምሽት አለቀች። ረከቦቱ አንድ ሳምንት ፈጀ። ጀበናዋ ግን አንገቷ አስቸገረኝ፤ ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራኋት። ያኔ ነው ሸክላ ሠሪዎቻችን ምን ያህል እንደሚለፉ የገባኝ።

ለውድድር አዘጋጆችም አንድ ሐሳብ አለኝ። ከፎቶው በተጨማሪ ተወዳዳሪውን ጥያቄ ጠይቁት። አምስት እንግዳ ቢመጣ የት ይቀመጣል? ሽማግሌ ከዚያ ሶፋ ላይ እንዴት ይነሳል? ማታ መብራት ቢጠፋ ሰው ሳይደናቀፍ በሩ ጋ ይደርሳል? ይህን የሚመልስ ክፍል ግራጫም ቢሆን ያሸንፍ፤ እኔ ቅሬታ የለኝም።

ባለፈው እሁድ አከራዬ የቤት ኪራይ ለመቀበል ሲመጡ ላፕቶፔ ክፍት ነበር። መጀመሪያ ያሸነፈውን ሳሎን አሳየኋቸው።

“ያምራል” አሉ። “ሰዎቹ የት ሄደው ነው?”

ቀጥሎ የእኔን አሳየኋቸው፤ ሶፋው ዙሪያውን፣ አዲሱ ረከቦት መሐል ላይ። መነጽራቸውን አስተካክለው ቆይተው አዩት።

“አንተ ልጅ፣ ከሰሉን ወደ መስኮቱ አስጠጋው እንጂ። ጭሱ እንግዶቹን ሊፈጃቸው ነው?”

አስጠጋሁት። ለሚቀጥለው ውድድር የማስገባው ያንን ነው። እግረ መንገዴን ስለ ምስማሩ ጉዳይ ላነሳባቸው ብዬ ነበር፤ እሱን እንኳ ለሌላ ቀን ተውኩት።