ፕሮቡ ጭን ላይም ይረፍ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አልትራሳውንድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ነፍሰ ጡርን ነው። እኛ ተማሪዎችም ብንሆን ፕሮቡን ጡንቻ ላይ አስቀምጠን የምናይበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። በእኔ እምነት ይህ ልማድ መለወጥ አለበት።

ምክንያቴን ልናገር። በልምምድ ላይ ሳለሁ አንዲት እናት አየሁ። እንሰት ለመፋቅ ክንዳቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ከዱካ ለመነሳት ሰው መያዝ አለባቸው። ለወራት «ብርድ ነው» እየተባሉ ማስታገሻ ሲወጉ ቆይተዋል። የዓይናቸው ቆብና የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ጠቁሯል። መጽሐፉ «ቀይ ሽፍታ» ስለሚል ማናችንም ልብ አላልነውም። በእኛ ቆዳ ላይ ግን የደርማቶማዮሳይቲስ ሽፍታ ጠቆር ብሎ ወይም ሐምራዊ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ታዲያ አልትራሳውንድ ምን ይረዳል? ጤነኛ ጡንቻ ጥቁር ሆኖ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ይታዩበታል። ሲታመም እየነጣ ይሄዳል፤ ሲብስም ከሥሩ ያለው አጥንት ይደበዝዛል። ሄክማትና ባልደረቦቹ ይህንን በ1982 እ.ኤ.አ. በአራት ደረጃ ከፍለውታል። መግል የቋጠረ ጡንቻ ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ ለብቻው ተለይቶ ይታያል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ደርማቶማዮሳይቲስ በስቴሮይድ ይታከማል፤ መግሉ ግን መውጣት አለበት፣ አንቲባዮቲክም ይፈልጋል። ለመግል ስቴሮይድ ብቻ ብንሰጥ በሽተኛውን ጎዳነው ማለት ነው።

«ጡንቻ ስለነጣ ብቻ ማዮሳይቲስ ነው አይባልም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው! እርጅናም፣ ረጅም ጊዜ መተኛትም ያነጣል፤ ገና የጀመረ ብግነት ደግሞ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ማኅበራት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመዘኛም የምስል ምርመራ አልገባም። ስለዚህ አልትራሳውንድ ፈራጅ ሳይሆን ጠቋሚ ነው፤ ማን ቶሎ ሪፈር ይባል፣ ናሙናስ ከየትኛው ጡንቻ ይወሰድ የሚለውን ያሳያል። ከወልቂጤ አዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የሚሄድ ሰው «ብርድ» ከሚል ወረቀት የተሻለ ነገር ይዞ ይሂድ እንጂ!

አንድ ችግር ግን አለ። መግል በአብዛኛው በአንድ በኩል ስለሆነ ሌላኛውን እግር አይቶ ማነጻጸር ይቻላል። በደርማቶማዮሳይቲስ ግን ሁለቱም ጭኖች ይታመማሉ፤ ስለዚህ ጤነኛው ምን እንደሚመስል ዓይናችን አስቀድሞ መልመድ አለበት። ሐሳቤም ይኸው ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ለእንቅርት በምንጠቀምበት ቀጥ ያለ ፕሮብ፣ የራሳችንን ጭንና ክንድ እርስ በርስ እንይ። ወጪው ጄልና ትንሽ ጊዜ ነው።

ያየነውንም በደብተር እንመዝግብ። በ1986 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ብዙ አስተምሮናል። እኛስ አንድ ደብተር ያቅተናል? መምህራኖቻችን መልስ ይስጡበት።