የላቦራቶሪ ውጤት በመሳቢያ ውስጥ አይደር

በወረርሽኝ ላይ የሚካሄደው ትግል መሠረቱ እውነተኛና ወቅታዊ መረጃ መሆኑ አያከራክርም። ናሙና መሰብሰቡና መመርመሩ ብቻውን የሰፊውን ሕዝብ ጤና አይጠብቅም። ውጤቱ እርምጃ የመውሰድ ኃላፊነት ላለበት አካል በሰዓቱ ካልደረሰ፣ የባለሙያው ድካም ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲገለጽ፣ የምርመራው ሸክም በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ትከሻ ላይ ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል በጥር ወር የጥቂት ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ እንደ ነበር አይዘነጋም። የሆሳዕና አካባቢ ወጣት ለእንጀራ የሚሰደድባት አገር የናሙናችንም መርማሪ ሆና ነበር ማለት ነው።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ናሙና በመኪና ይሄዳል፤ ውጤት ግን በስልክ ይመለሳል። ስለዚህ የመንገድ ርቀት ለናሙናው መዘግየት ምክንያት ቢሆን እንኳ ለውጤቱ መዘግየት ሰበብ ሊሆን አይችልም።

በአገራችን የበሽታዎች ቅኝት መመሪያ መሠረት፣ አስቸኳይ ሪፖርት የሚደረግበት በሽታ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ኢንስቲትዩቱ በየእርከኑ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊተላለፍ ይገባዋል። ሲደመር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ደንቡ ግልጽ ነው። ማነቆው «ኃላፊው ከስብሰባ ሳይመለሱ አይወጣም» የሚለው ቢሮክራሲያዊ ልማድ ነው።

በቅጹ ላይ «ሆሳዕና» ብሎ መጻፍ አድራሻ አይደለም። ቀበሌው፣ ስልኩና ዕድሜው መሞላት አለበት፤ በስምና በአባት ስም የሚገናኙ ሰዎች ብዙ ናቸውና የአያት ስምም አይቅር። በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ ገበያ ውሎ ለቅሶ ደርሶ ቤቱ የገባ ሰው ውጤቱ ከቀናት በኋላ ቢደርስ፣ አብረውት የተቀመጡትን ፈልጎ ማግኘት እጅግ ይከብዳል። በሽታው ያልተገኘባቸው ሰዎች ውጤትም ሪፖርት ሊደረግ ይገባል፤ ስንት ሰው እንደ ተመረመረ ካልታወቀ የሕሙማን ቁጥር መጨመሩ የበሽታው መስፋፋት ይሁን የምርመራው መብዛት አይለይም።

ውጤቱ ለጤና አካላት ይድረስ ስንል ለመንደር ወሬ ይድረስ ማለታችን አይደለም። ተመርማሪው የራሱን ውጤት ከጎረቤቱ አፍ ከሰማ፣ በማግሥቱ ለምርመራ የሚመጣ አይገኝም።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ በላቦራቶሪ መረጋገጡ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አለመሆኑን አሳይቷል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ክልሉ ለሀዲያና ለከምባታ ከተሞች ቀርቧል። እንግዲህ በመንግሥትም ሆነ በግል ላቦራቶሪዎች በር ላይ፣ የዕለቱን ውጤት የሚልከው ባለሙያ ማን እንደ ሆነ፣ እርሱም ባይኖር ማን እንደሚተካው ተጽፎ ይለጠፍ።